የሰላጣ ጥቅሉ ለምን ያንጠባጥባል?

ጥያቄ፦ «ሰላም ሼፍ። ቻይና ምግብ ቤት በሰላጣ ቅጠል እየተጠቀለለ የሚበላውን ምግብ ቀምሼ ፍቅር ያዘኝ። ሥጋ ስለማልበላ ቤቴ ከሶያ በሚሠራው አይብ መሰል ቶፉና በእንጉዳይ ልሠራው ሞከርኩ። ሦስቴ ሠራሁ፣ ሦስቴም አልሆነልኝም። ቶፉው ላቁጦ ይቀራል። ቅጠሉ ገና ሳነሳው ይቀደዳል፤ ከሥሩ ቡናማ ውሃ ክንዴ ድረስ ይወርዳል። ጣዕሙም ሶያ ሶስ ብቻ ነው። ምንድን ነው የማጠፋው? ዎክ የሚባለው የቻይና ጎድጓዳ መጥበሻ የለኝም፣ ተራ መጥበሻ ነው የምጠቀመው። ሆይሲን የሚባለውን ጣፋጭ የቻይና ሶስ ባጣስ በምን ልተካው? እባክዎ ይርዱኝ።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ሦስቴ ከሽፎብሽ ለአራተኛው የምትጠይቂ ከሆነ ምግቡን የምር ወደሽዋል። ስለዚህ እኔም ሳልሰስት ልመልስልሽ።

የላቆጠው ቶፉ፣ የተቀደደው ቅጠል፣ ክንድሽ ላይ የወረደው ቡናማ ውሃ ሦስት ችግር ይመስላሉ እንጂ አንድ ናቸው። ውሃ ነው ያስቸገረሽ። ጣዕሙ የሳሳውም ቢሆን ግማሹ በዚያው ምክንያት ነው።

እስቲ ሳህኑ ላይ ያለውን አንድ በአንድ እዪው። ሰላጣው 95 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ትኩስ እንጉዳይ 90 በመቶ ገደማ ውሃ ነው። ቶፉ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከነውሃው ታሽጎ የሚሸጥ ነገር ነው። በሥጋ ሲሠራ የተፈጨው ሥጋ ስብ አለው። ስቡ ይቀልጥና እያንዳንዷን ፍርፋሪ ይለብሳታል፤ ጣዕሙንም እዚያው ይይዘዋል። አንቺ ሥጋውን አውጥተሽ ቶፉ ስትተኪ፣ ስብ አስወጥተሽ ውሃ አስገባሽ ማለት ነው። ሌላውን ሁሉ እንደ ሥጋው አሠራር ከቀጠልሽ መንጠባጠቡ የት ይቀራል? እኔ ይህን ምግብ ሳስተምር አብዛኛው ሰዓቴ የሚያልቀው ስለ ቅመም በመናገር አይደለም፤ ውሃ እንዴት እንደሚወጣ በማሳየት ነው።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ስለ ምግቡ ጥቂት ልበል። አመጣጡ ከደቡብ ቻይና፣ ከካንቶን ወጥ ቤት ነው። በካንቶንኛ ሳንግ ቾይ ባው ይሉታል። ሳንግ ቾይ ሰላጣ ነው፣ ባው ደግሞ ጥቅል። ሳንግ ቾይ የሚለው ድምፅ «ሀብት ማፍራት» ከሚለው ቃል ጋር ስለሚመሳሰል ካንቶኖች በአዲስ ዓመታቸው ሰላጣ ከማዕዳቸው አይለዩም። ድሮ በግብዣ ላይ የሚቀርበው በእርግብ ሥጋ ተሠርቶ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ሲሲሊያ ቺያንግ እ.ኤ.አ. በ1961 ሳን ፍራንሲስኮ የከፈተችው «ማንዳሪን» ምግብ ቤት በእርግብ የተሠራውን ያቀርብ ነበር። ልጇ ፊሊፕ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1993 ከተጀመረው ፒ ኤፍ ቻንግስ ከሚባለው የምግብ ቤቶች ድርጅት መሥራቾች አንዱ ነው፤ ምግቡን በዶሮ አድርጎ በብዙ ሰው ዘንድ ያስታወቀው ያ ድርጅት ነው። አንቺ የቀመስሽው ጣፋጭነት ያለውና ሆይሲን የበዛበት ከሆነ የኋለኛው ዓይነት ነው። ሁለቱም ያለ ሥጋ ይሠራሉ።

ለአራት ሰው የሚያስፈልግሽ ይህ ነው፦ 400 ግራም ጠንካራ ቶፉ፣ ስምንት የደረቀ ሺታኬ እንጉዳይ፣ 200 ግራም ትኩስ እንጉዳይ፣ አንድ ካሮት፣ አንድ ትንሽ ጣሳ ወተር ቼስትነት (ምንነቱን ከታች እነግርሻለሁ)፣ ሦስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተከተፈ ዝንጅብል፣ አራት ዘለላ ቀጭን አረንጓዴ የሽንኩርት ቅጠልና ሁለት ራስ ሰላጣ። ስለ ሶሱ ወደ ኋላ እመለሳለሁ።

ከቶፉው እንጀምር፤ ብዙው ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነው። ለስላሳውን፣ እንደ ክሬም የሚንቀጠቀጠውን ቶፉ አትግዢ። ማሸጊያው ላይ «ጠንካራ» ወይም «በጣም ጠንካራ» የሚለውን ፈልጊ። ከዚያ ቤት እንደገባሽ ከነማሸጊያው ፍሪዘር ውስጥ ክተቺው። አዎ፣ አቀዝቅዢው። ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰፋል፤ ቶፉውን ከውስጥ ይበሳሳዋል። አንድ ሌሊት አሳድሪው። በማግስቱ ፍሪጅ ውስጥ አቅልጪው። ሲቀልጥ በረዶው የነበረበት ቦታ ባዶ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል፣ ቶፉሽም ስፖንጅ ይሆናል። በሁለት መዳፍሽ መሃል አድርገሽ ስትጨምቂው የሚወጣውን ውሃ ስታዪ ትገረሚያለሽ። ያ ሁሉ ውሃ እስከ ዛሬ ክንድሽ ላይ ሲወርድ የነበረው ነው። ፍሪዘር ውስጥ እያለ ቢጫ ቢመስልሽ አትደንግጪ፣ አልተበላሸም። ሲቀልጥ ወደ መልኩ ይመለሳል። ብልሃቱም የእኔ አይደለም። ቻይኖችም ጃፓኖችም ፍሪዘር ከመምጣቱ በፊት በክረምት ቶፉን ብርድ ላይ እያሳደሩ ይሠሩት ነበር።

ጊዜ ከሌለሽ ሌላ መንገድ አለ። ቶፉውን በወፍራሙ ቆራርጪ፣ ጨው የበዛበት የፈላ ውሃ ድፊበት፣ 15 ደቂቃ ተዪው። ውሃን በውሃ ማስወጣት ቀልድ ይመስላል። ግን ሙቀቱና ጨው ተባብረው ከላይኛው አካሉ ውሃ ያስለቅቁታል። አውጥተሽ በንጹህ ፎጣ አድርቂው። እንደ ማቀዝቀዙ አይሆንም፣ ሆኖም ይሠራል።

አሁን ቢላዋውን አስቀምጪው። ቶፉውን በጣትሽ ፈርፍሪው። በቢላዋ የተቆረጠ ቶፉ ገጹ ልሙጥ ነው፤ ሶስ አይዝም። በእጅ የተፈረፈረው ግን ጠርዙ የተቦጫጨቀ ስለሚሆን ጠርዙ ይደርቃል፣ ሶሱም ይጣበቅበታል። አተር የሚያክል ይሁን። ከዚያ ካነሰ ይላቁጣል።

መጥበሻሽን መካከለኛ ከፍ ባለ እሳት ላይ አግለሽ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት አድርጊ። ቶፉውን ዘርጊውና እጅሽን ሰብስቢ። አታማስዪው። ሰው ሁሉ የሚያማስለው ሥራ የፈታ እንዳይመስል ነው መሰለኝ። ለአራት ደቂቃ ያህል ዝም ብለሽ ስትተዪው ከሥሩ ቡናማ ይሆናል። ያኔ ገልብጪው። እንደገና ተዪው። በጠቅላላው ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይፈጃል። ድምፁን አዳምጪ። መጀመሪያ ላይ ወፍራም የእንፋሎት ሹሹታ ይሰማል፤ ያ ውሃው እየወጣ ነው። ድምፁ ቀጥኖ ጥርት ያለ ቿቿታ ሲሆን ውሃው አልቆ መጥበስ ጀምሯል። ቶፉውን አውጥተሽ ለብቻው አስቀምጪ።

ዎክ የለኝም ብለሽ አትዘኚ። ምግብ ቤት ውስጥ ያለው ዎክ የሚቀመጥበት እሳት የቤት ምድጃ እሳትን እጥፍ ድርብ ያስከነዳል። ያንን ክብ ዎክ የቤት ምድጃ ላይ ብትጥጂው የሚግለው የታችኛው ጫፉ ብቻ ነው። ሰፊና ጠፍጣፋ መጥበሻ ቤት ውስጥ ይሻላል። አንድ ሕግ ብቻ አለው፦ አታጨናንቂው። ሁሉን ነገር አንዴ ከጫንሽበት ሙቀቱ ይወርድና መጥበሱ ቀርቶ መቀቀል ይሆናል። ለዚህ ነው ቶፉውን አውጪ ያልኩሽ። እያንዳንዱ በተራው ይጠበስ፣ መጨረሻ ላይ ይገናኛሉ።

ቀጥሎ እንጉዳዩ፤ ጣዕሙ ያለው እዚህ ነው። አንቺ የተጠቀምሽው ትኩስ እንጉዳይ ብቻ ይመስለኛል። የደረቀ ሺታኬ ጨምሪበት። እ.ኤ.አ. በ1908 ጃፓናዊው ኪኩናዬ ኢኬዳ ከባሕር አረም መረቅ ውስጥ ግሉታሜትን ለይቶ አወጣና የዚያን ጣዕም ስም ኡማሚ አለው። ሥጋ ሥጋ የሚለው፣ አፍ የሚሞላው ጣዕም ማለት ነው። ሶያ ሶስ ግሉታሜት ሞልቶታል። የደረቀ ሺታኬ ደግሞ ጓኒሌት የሚባል ሌላ የኡማሚ ምንጭ አለው። ሁለቱ አብረው ሲሆኑ ጣዕሙ ድምር ሳይሆን ብዜት ነው፤ ይህንንም ያሳየው አኪራ ኩኒናካ የተባለ ሌላ ጃፓናዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ። «ሶያ ሶስ ብቻ ነው የሚለኝ» ያልሽው እንግዲህ አንዱን እግር ብቻ ስላቆምሽው ነው። ሶያ ሶስ ብትጨምሪ ጨው ይበዛብሻል እንጂ ጣዕሙ አይጨምርም። ሺታኬው ነው የሚጨምረው።

ሺታኬውን በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፈሽ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪው። ከቸኮልሽ በሙቅ ውሃ 30 ደቂቃ ይበቃል፣ የቀዝቃዛው ጣዕም ግን ይጠራል። ግንዱ አይታኘክም፣ ቁረጪና ጣዪው። ቆቡን ጨምቀሽ በደቃቁ ክተፊ። የተዘፈዘፈበትን ውሃ እንዳትደፊው! አሸዋ ሊኖረው ስለሚችል በጨርቅ አጥልዪውና ለሶሱ አስቀምጪ። ይህ ውሃ ብቻ ነው በዚህ ምግብ ውስጥ እንዲገባ የምፈቅድለት።

ትኩሱን እንጉዳይ ደቀቅ አድርገሽ ክተፊና ያለ ዘይት በጋለ መጥበሻ ላይ አድርጊው። መጀመሪያ ውሃውን ይለቃል፣ መጥበሻው ኩሬ ይሆናል። ታገሺ። ኩሬው ሲደርቅና እንጉዳዩ ሲኮማተር ያኔ አንድ ማንኪያ ዘይትና ሺታኬውን ጨምሪ። እንጉዳይ ቶሎ የማያርር ገራም ነገር ነው፤ ጥሩ አድርጎ ቡናማ እስኪሆን አትፍሪ።

ወተር ቼስትነት ስሙ ለውዝ ቢያስመስለውም ለውዝ አይደለም፤ ውሃ ዳር በጭቃ ውስጥ የሚያድግ ተክል ኮረት ነው። የሚገርመው ጠባዩ ምንም ቢበስል ቀጭ ቀጭ ማለቱን አያቆምም። ሌላ አትክልት ሲፈላ የሕዋሶቹ ማጣበቂያ ይሟሟል፣ ይልማል። በዚህ ውስጥ ግን ሕዋሶቹን የሚያያይዘው ነገር ሙቀት አይፈታውም። ለዚህ ነው ከጣሳ ወጥቶም የሚንኮሻኮሸው። በውሃ አለቅልቂው፣ የጣሳ ጣዕም አለው። ካጣሽው የቀርከሃ ቡቃያ ወይም የሎተስ ሥር ተመሳሳይ ጠባይ አላቸው። እነሱም ከሌሉ የሰለሪ ግንድ በደቃቁ ከትፈሽ መጨረሻው ደቂቃ ላይ ጨምሪ። ምንም ይሁን ምን የሚንኮሻኮሽ ነገር ይኑር። ያለሱ ጥቅሉ አፍ ውስጥ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆናል።

ወደ ሶሱ ስንመጣ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሆይሲን፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሩዝ አቼቶ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የሺታኬ ውሃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ኮርን ስታርች (የበቆሎ ስታርች) እና ትንሽ ነጭ ቁንዶ በርበሬ በትንሽ ሳህን አዋህጂ። ስታርቹ በቀዝቃዛው ይሟሟ፤ ጋለ መጥበሻ ላይ ደረቁን ከበተንሽው ይጓጉላል። ሥራው የተረፈውን ውሃ መያዝ ነው። ሶሱ ፈልቶ ካልወፈረ ግን አይዝም፣ ስለዚህ ቶሎ አታውርጂ።

ሆይሲን የሚለው ስም በቻይንኛ «የባሕር ምግብ» ማለት ነው። ደግነቱ ባሕር የሚባል ነገር ውስጡ የለም። የቦካ የሶያ ሊጥ፣ ስኳር፣ ኮምጣጤ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቅመም ነው። ካጣሽ ሚሶ ወይም ሌላ የቦካ የሶያ ሊጥ አንድ ከግማሽ የሾርባ ማንኪያ፣ ስኳር አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ አቼቶ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ የተደቆሰ ነጭ ሽንኩርትና ቁንጣሪ «አምስቱ ቅመም» የሚባለውን የቻይና የቅመም ድብልቅ ብታዋህጂ ይቀርብሻል። ሊጡም ከጠፋ የለውዝ ቅቤ በሶያ ሶስና በስኳር ተበጥብጦ ያወጣሻል። ሆይሲን ነው ብዬ አልዋሽሽም፣ ግን ይጣፍጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፣ ከራሴ ጥፋት የተማርኩት። ወጣት ሳለሁ ሥጋም ዓሣም ለማትበላ እንግዳ ይህንኑ ጥቅል ሠራሁላት። ኮርቼ ሳህኑን አቀረብኩ። ጣፍጧት «ምን አደረግክበት?» ብላ ወጥ ቤት ገባች፣ ጠርሙሱን አነሳችና አነበበች። ኦይስተር ሶስ ነበር። ኦይስተር ማለት የባሕር ቀንድ አውጣ መሰል እንስሳ ነው፣ ሶሱም ከሱ ነው የሚሠራው። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠርሙስ ሳላነብ አልከፍትም። ከእንጉዳይ የሚሠራ ምትክ አለ፣ ጠርሙሱ ላይ የእንጉዳይ ሶስ ወይም ሥጋ ለማይበሉ የሚል ይጽፋሉ። እንዲሁም ተራ ሶያ ሶስ ስንዴ አለው። ግሉተን (የስንዴ ፕሮቲን) የማይስማማው ሰው ካለ ታማሪ የሚባለውን ስንዴ የሌለበት ሶያ ሶስ ፈልጊ፤ ሆይሲኑንም አንብቢ። የቻይና ቡድሃ መነኮሳት ደግሞ ነጭ ሽንኩርትና ሽንኩርት ጭራሽ አይበሉም። እንደዚያ ያለ እንግዳ ከመጣብሽ ዝንጅብሉን እጥፍ አድርጊና ሁለቱን ተያቸው፣ አይጎዳም።

መጥበሻው ላይ መገናኛቸው ፈጣን ነው። በጥቂት ዘይት ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርቱን 30 ሰከንድ፣ ከዚያ በደቃቁ የተከተፈውን ካሮት አንድ ደቂቃ። ቶፉውን፣ እንጉዳዩን፣ ወተር ቼስትነቱን መልሺ። ሶሱን ታች ታቹን አማስለሽ ጨምሪ። አንድ ደቂቃ ይፈላ፣ ይወፍር፣ ይጣበቅ። መጥበሻውን ስታዘነብዪው ከሥሩ የሚፈስ ነገር ከታየ ገና ነው። ካወረድሽ በኋላ የሽንኩርት ቅጠሉንና አንድ የሻይ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት። ቡናማውን፣ ከተቆላ ሰሊጥ የወጣውን። እሳት ላይ ከቆየ ሽታው ስለሚጠፋ መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው።

አሁን ቅጠሉ። አይስበርግ የሚባለው ጠቅልሎ የሚያድገው ሰላጣ ይበልጥ ይንኮሻኮሻል፣ ቅርጹም ጎድጓዳ ነው። ለስላሳው የቅቤ ሰላጣ ጣዕሙ ያምራል ግን ቶሎ ይሸነፋል፤ ሁለት ቅጠል ደርቢበት። የሮሜይን ሰላጣ የውስጥ ቅጠል እንደ ጀልባ ሆኖ ይይዛል። እኔ አይስበርግ እመርጣለሁ።

ቅጠሉ የሚቀደድብሽ ከላይ ስለምትገነጥዪው ነው። ከሥሩ ነው የሚጀመረው። የሰላጣውን ራስ በግንዱ በኩል ጠረጴዛ ላይ ጠንከር አድርገሽ ምቺው። ግንዱ ይላቀቃል፤ ጠምዝዘሽ ንቀዪው። የተከፈተውን ቀዳዳ ቧንቧ ሥር ደቅኚና ውሃ ልቀቂበት። ውሃው በቅጠሎቹ መሃል እየገባ ራሱ ይለያያቸዋል። አንቺ መቀበል ብቻ ነው። ከአንድ ራስ ስምንት የሚሆን ደህና ቅጠል ይወጣል፤ የውስጡን ትንንሹን ለሌላ ቀን። ጥሬ የሚበላ ስለሆነ እያንዳንዱን በሚፈስ ውሃ እጠቢ። ሳሙና አይነካውም።

የታጠበውን በረዶ ባለበት ውሃ 10 ደቂቃ ንከሪው። የጠወለገ ቅጠል ሕዋሶቹ ውሃ ስለጎደላቸው ነው፤ ይጠጡና ይወጠራሉ፣ ቅጠሉ ቀጥ ይላል። ውሃ ጠላትሽ ነው ስል ቆይቼ ቅጠል ውስጥ ውሃ አስገቢ ማለቴ እንዳያስቅሽ፤ ውስጡ ይሙላ፣ ላዩ ግን ይድረቅ። እያንዳንዱን በፎጣ አድርቂ። ግማሽ ደረቅ አይቆጠርም። ሶሱ እርጥብ ቅጠል ላይ ሲያርፍ ይቀጥናል፣ ይንሸራተታል፣ ክንድሽንም ያገኘዋል። የደረቀውን በፎጣ ጠቅልለሽ እስኪቀርብ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪ። ጠርዙ ከተንዘላዘለ በመቀስ ከርክሚው።

ስታቀርቢ ቀድመሽ አትጠቅልዪ። መሙያው በአንድ ሳህን፣ ቅጠሉ በሌላ፤ ሰው ሁሉ ለራሱ ይጠቅልል። መሙያው ከወረደ ሦስት ደቂቃ ይረፍ፣ በጣም ትኩሱ ቅጠሉን ያጠወልገዋል። በአንድ ቅጠል ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ስግብግብነት እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል።

ምግብ ቤቱ ውስጥ ከሥር ነጭ የሚንኮሻኮሽ ነገር አይተሽ ከሆነ የሙንግ ባቄላ ቀጭን ኑድል ነው። ደረቁን 190 ዲግሪ በጋለ ዘይት ውስጥ ስትጥዪው በሰከንዶች ውስጥ አብጦ ይነሳል፤ ውስጡ የቀረችው ጥቂት እርጥበት በአንዴ እንፋሎት ስለምትሆን ነው። ጥልቅ ድስት ተጠቀሚ፣ በትንሽ በትንሹ ጨምሪ፣ ከአጠገቡ አትለዪ። ሳህኑ ላይ ከመሙያው ሥር አንጥፊው፣ ያመለጠች ጠብታ ካለች እሱ ይጠጣታል። ጣጣው ከበዛብሽ የተቆላ ካሽው ወይም ለውዝ ጨፍልቀሽ ከላይ በትኚ።

መሙያው ቢተርፍ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን ይቆያል። ስታሞቂው ማይክሮዌቭ ውስጥ አታስገቢው፣ መልሶ ያላብሰዋል። በመጥበሻ፣ ያለ ክዳን።